ክፍልፋይ ደረጃ ያለውን ኢንቲግሮ-ዲፈረንሻል እኩልታ በእጅም በኮምፒውተርም መፍታት

ክረምትን መራዊ ያሳለፈ ሰው ቀዩን አፈር ያውቀዋል። ዛሬ ጠብ ሳይል ቢውል እንኳ ጫማ ይዞ ያስቀራል። የያዘው የዛሬው ዝናብ አይደለም፤ የትናንቱ፣ የሰኞው፣ ያለፈው ሳምንት ነው። ተራ ዲፈረንሻል እኩልታ ይህን አያውቅም፤ የሚያየው ያለበትን ቅጽበት ብቻ ነው። ክፍልፋይ ደረጃ ያለው ዴሪቬቲቭ ግን ያለፈውን ለውጥ ሁሉ ይዞ ይመጣል፣ የቅርቡን አብዝቶ፣ የሩቁን አሳንሶ። በላዩ ላይ ኢንቲግራል ከተጨመረበት እኩልታው ትዝታ በትዝታ ሆነ ማለት ነው። ተማሪ የሚያስፈራውም ይኸው ድርብርብ ነው። እኔንም አስፈርቶኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው የማስተርስ ጽሑፋቸውን በዚህ ርዕስ ለያዙና ባሕር ዳር ወይም ማርቆስ ቁጭ ብለው «ከየት ልጀምር?» ለሚሉ ነው። ካልኩለስ ሁለትን ያለፈ ሰው ይከተለዋል። እስክርቢቶ፣ ወረቀት፣ ካሬ ሩት የሚያወጣ ስልክ ይበቃል። ኮምፒውተሩን አሁን አትክፈቱት።

የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና እንደሚጀምር ሁሉ እኛም በትንሿ እንጀምር። ምልክቶቻችን እነዚህ ናቸው፦ ጊ ጊዜ ነው። ው(ጊ) የምንፈልገው ፈንክሽን ነው (ውሃ በሉት)። ኢ ማለት ከ0 እስከ ጊ የተወሰደ ኢንቲግራል ነው። ዴ^0.5 ደግሞ የግማሽ ደረጃ ዴሪቬቲቭ። እኩልታችን፦

ዴ^0.5 ው = − ኢ ው፣  ው(0) = 1

በቃል ስንለው፦ የውሃው የግማሽ ደረጃ ለውጥ እስካሁን ከተጠራቀመው ጋር እኩል ነው፣ በተቃራኒ ምልክት።

መጀመሪያ፦ የማን ዴሪቬቲቭ እንደሆነ ለዩ

«ግማሽ ዴሪቬቲቭ» የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ሌይብኒዝና ሎፒታል በ1695 በደብዳቤ ተጠያይቀውበታል። ችግሩ ትርጓሜው አንድ አለመሆኑ ነው። ሁለቱ የምታገኟቸው የሪማን-ልዩቪል እና የካፑቶ ናቸው። የሪማን-ልዩቪል መጀመሪያ ኢንቲግራል ወስዶ ኋላ ዴሪቬቲቭ ይወስዳል፤ የካፑቶ፣ በ1967 የቀረበው፣ ቅደም ተከተሉን ይገለብጣል። ትንሽ ልዩነት ትመስላለች፤ አይደለችም። የቋሚ ቁጥር ዴሪቬቲቭ በካፑቶ 0 ነው። በሪማን-ልዩቪል ግን የ1 ግማሽ ዴሪቬቲቭ 1/√(ፓይ × ጊ) ይሆናል፤ ጊ ወደ 0 ሲጠጋ ወደ ላይ ይፈነዳል።

ይህችን ነገር በደሜ ነው የተማርኳት። ቀመሩን ከአንድ ቦታ፣ የመነሻ ሁኔታውን ከሌላ ቦታ ወስጄ ግራፉ ከዜሮ አጠገብ ሽቅብ ይወረወርብኛል። ሁለት ሳምንት ኮዱን ስበረብር ከረምኩ። አማካሪዬ ወረቀቱን ተመለከተና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «የ1 ዴሪቬቲቭ ስንት ነው?» ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ የማንም ተማሪ ሥራ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

የመነሻ ሁኔታችሁ ው(0) = 1 ዓይነት ከሆነ፣ ማለትም በመነሻው የተለካ መጠን ከሆነ፣ ካፑቶን ያዙ። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሁሉ በካፑቶ ነው።

ቀጥሎ፦ የጋማ ሰንጠረዥ አዘጋጁ

ጋማ ፈንክሽን ፋክቶሪያልን ወደ ክፍልፋይ ቁጥሮች የሚዘረጋ ነው። ሁለት ነገር ካወቃችሁ ሌላው ይወጣል፦ ጋማ(0.5) = √ፓይ = 1.77245፤ ደግሞም ጋማ(ሀ+1) = ሀ × ጋማ(ሀ)። ስለዚህ፦

ጋማ(1.5) = 0.5 × 1.77245 = 0.88623
ጋማ(2.5) = 1.5 × 0.88623 = 1.32934
ጋማ(4) = 3 × 2 × 1 = 6
ጋማ(5.5) = 4.5 × 3.5 × 2.5 × 1.32934 = 52.3428

ይህችን በደብተራችሁ ጀርባ ጻፏት። ከእሷ ጋር አንዲት ሕግ ጨምሩ፤ የክፍልፋይ ኢንቲግራል ሥራ ሁሉ በእሷ ላይ ይቆማል፦

ኢ^ደ ጊ^ሀ = [ጋማ(ሀ+1) / ጋማ(ሀ+1+ደ)] × ጊ^(ሀ+ደ)

ደ የኢንቲግራሉ ደረጃ ነው። ሀ = 0 ብትሉ የ1 ኢንቲግራል ጊ^ደ / ጋማ(1+ደ) ይመጣል። ደ = 1 ስታደርጉ የምታውቁት ተራ ኢንቲግራል መሆኑን አረጋግጡ።

ዋናው እርምጃ፦ ዴሪቬቲቩን አስወግዱ

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኩልታው ዴሪቬቲቭም ኢንቲግራልም ስላለው ሁለቱን ለየብቻ ሊታገል ይነሳል። አትታገሉ። በሁለቱም ወገን ኢ^0.5 አሳርፉ። ግራ በኩል ኢ^0.5 እና ዴ^0.5 ይጣፉና ው − ው(0) ይቀራል። ቀኝ በኩል ኢ^0.5 ከኢ ጋር ይደመራል፤ ደረጃዎቹ እንደ ቁጥር ስለሚደመሩ ኢ^1.5 ይሆናል። የቀረው፦

ው = 1 − ኢ^1.5 ው

ትዝታ በትዝታ ያልነው አንድ ትዝታ ሆነ። ኢንቲግሮ-ዲፈረንሻል የሚለው ረጅም ስምም እዚህ ላይ አበቃ፤ ከእንግዲህ የያዝነው የቮልቴራ ዓይነት (የኢንቲግራሉ ወሰን እስከ ጊ የሚሄድበት) የኢንቲግራል እኩልታ ነው። የመነሻ ሁኔታውም እዚያው ውስጥ ገብቷል፤ ለብቻው የምትሸከሙት ነገር የለም።

በእጅ መፍታት

አሁን ደጋግሞ መተካት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ግምት ው = 1። እሱን ቀኝ በኩል ስታስገቡ 1 − ጊ^1.5 / ጋማ(2.5) ይወጣል። የወጣውን እንደገና አስገቡ፤ + ጊ^3 / ጋማ(4) ይጨመራል። እንደገና፤ − ጊ^4.5 / ጋማ(5.5)። ሥርዓቱ ታየ፦

ው(ጊ) = 1 − ጊ^1.5/ጋማ(2.5) + ጊ^3/ጋማ(4) − ጊ^4.5/ጋማ(5.5) + ጊ^6/ጋማ(7) − …

ይህ ድርድር ስም አለው፤ የስዊድኑ ሚታግ-ሌፍለር በ1903 ያስተዋወቀው ፈንክሽን ነው። በክፍልፋይ ካልኩለስ ውስጥ የሚጫወተው ሚና ኤክስፖኔንሻል በተራው ካልኩለስ ከሚጫወተው ጋር አንድ ነው።

ጊ = 1 ላይ እንደምረው፦

1 − 0.75225 + 0.16667 − 0.01910 + 0.00139 − 0.00007 ≈ 0.39663 (አሃዝ ሳይቆረጥ ሲደመር)

ስድስት ቁራጭ ብቻ። ይህችን 0.39663 ያዟት፣ ኋላ እንፈልጋታለን።

የላፕላስ ትራንስፎርምን (ዴሪቬቲቭና ኢንቲግራልን ወደ ማባዛትና ማካፈል የሚቀይረውን ዘዴ) የለመደ ሰው በአቋራጭ ይደርሳል። የው ላፕላስ ዋ ይሁን፣ የላፕላሱ ተለዋዋጭ ላ ይሁን። የካፑቶ ግማሽ ዴሪቬቲቭ ላ^0.5 × ዋ − ላ^(−0.5) ይሰጣል፤ ኢንቲግራሉ ዋ/ላ ይሰጣል። አስተካክላችሁ በላ ስታባዙ ዋ = ላ^0.5 / (ላ^1.5 + 1) ይመጣል፤ ይህም ከሰንጠረዥ ሲመለስ ያው ሚታግ-ሌፍለር ነው። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የኢንቲግራሉ ከርነል (ኢንቲግራሉ ውስጥ ውን የሚያባዛው ፈንክሽን) የጊዜ ልዩነት፣ ማለትም የጊ − ሰ፣ ፈንክሽን ብቻ ካልሆነ (ለምሳሌ ጊ × ሰ ከሆነ፤ ሰ ከ0 እስከ ጊ የሚሄደው ያለፈው ጊዜ ነው) ላፕላስ ይተዋችኋል። መተካቱ ግን አይተዋችሁም፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ልመዱ።

መልሱን ሳትፈትሹ አትለፉ። ደረጃውን ከ0.5 ወደ 1 ብትወስዱት እኩልታው የው ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ = − ው ይሆናል፤ መልሱ ኮሳይን ነው፣ ጊ = 1 ላይ 0.5403። ወደ 0 ብትወስዱት መልሱ የተለመደው የሚያሽቆለቁል ኤክስፖኔንሻል ነው፣ 0.3679። የኛ 0.3966 በሁለቱ መካከል ተቀምጧል። ውጭ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ደብተሩን እንደገና እንከፍት ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ድርድሩ ለየትኛውም ጊ ይሰበሰባል ተብሎ በመጽሐፍ ተጽፏል፤ እውነት ነው። ኮምፒውተር ላይ ግን ሌላ ነው። ጊ = 40 ሲሆን ትልቁ ቁራጭ ወደ 10^16 ይደርሳል፤ ኮምፒውተሩ የሚይዘው 16 አሃዝ ያህል ስለሆነ ግዙፎቹ ሲጣፉ የሚተርፈው እብቅ ነው። ጊ ትልቅ ከሆነ ድርድሩን ተዉትና ወደ ቁጥራዊው ዘዴ ሂዱ።

በቁጥር መፍታት

ከዘዴዎቹ አንዱን ብቻ፣ ኤል-ዋን የሚባለውን፣ አሳያለሁ። ከግሩንዋልድና ሌትኒኮቭ (1867 እና 1868) የመጣው ዘዴም አለ፤ ለጀማሪ ግን ኤል-ዋን ይቀላል ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቁጥር ምን እንደሚሠራ ይታያል። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ጊዜውን በእኩል እርምጃ ር ቆርጡት፤ በየሁለቱ ነጥብ መካከል ው ቀጥ ያለ መስመር ነው በሉ። ኢንቲግራሉን ደግሞ በትራፒዞይድ አስሉት፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው በግማሽ፣ የመሐሉ ሙሉ።

ክብደቶቹ፦
ክ₁ = √2 − 1 = 0.4142
ክ₂ = √3 − √2 = 0.3178
ክ₃ = √4 − √3 = 0.2679

በየእርምጃው ው የቀነሰበትን መጠን ጉድለት እንበለው፦ ጉ₁ = ው₀ − ው₁፣ ጉ₂ = ው₁ − ው₂። አንድ ቋሚም አለን፤ መ = ጋማ(1.5) × ር^1.5። እነዚህን ካዘጋጃችሁ ቀመሮቹ እንዲህ ይሄዳሉ፦

ው₁ = (1 − መ/2) / (1 + መ/2)
ው₂ = [ው₁ + ክ₁ጉ₁ − መ(0.5 + ው₁)] / (1 + መ/2)
ው₃ = [ው₂ + ክ₁ጉ₂ + ክ₂ጉ₁ − መ(0.5 + ው₁ + ው₂)] / (1 + መ/2)

ሦስተኛዋን ቆም ብላችሁ እዩዋት። የቅርቡ ጉድለት ጉ₂ በ0.4142 ተባዝቶ ይመጣል፤ የቆየው ጉ₁ በ0.3178። በአራተኛው እርምጃ ጉ₁ ወደ 0.2679 ይወርዳል። ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። የመራዊው አፈር ይኸው፣ በቁጥር።

ር = 0.25 ብለን በእጅ እንሥራ። ር^1.5 = 0.125 ነው፤ መ = 0.88623 × 0.125 = 0.11078፤ ግማሹ 0.05539።

ው₁ = 0.94461 / 1.05539 = 0.8950። ስለዚህ ጉ₁ = 0.1050።
ው₂ = (0.8950 + 0.0435 − 0.1545) / 1.05539 = 0.7428 (አሃዝ ሳልቆርጥ ያሰላሁት ነው፤ እናንተም አትቁረጡ)።

በዚሁ ስትቀጥሉ፣ ከድርድሩ ጋር ጎን ለጎን፦

ጊ = 0.25፦ በቁጥር 0.8950፣ ትክክለኛው 0.9085
ጊ = 0.50፦ በቁጥር 0.7428፣ ትክክለኛው 0.7540
ጊ = 0.75፦ በቁጥር 0.5708፣ ትክክለኛው 0.5767
ጊ = 1.00፦ በቁጥር 0.3965፣ ትክክለኛው 0.3966

የመጨረሻዋን መስመር አያችኋት? በአራት እርምጃ ብቻ፣ ስህተቱ 0.0001! ስንት ተማሪ ይህችን አንድ መስመር ሰንጠረዥ ውስጥ አስገብቶ «ዘዴው እጅግ ትክክለኛ ነው» ብሎ ይጽፋል። ሐሰት ነው። አንድ እርምጃ ጨምሩ፦ ጊ = 1.25 ላይ በቁጥር 0.2321 ይወጣል፤ ትክክለኛው 0.2270። እስከ 1 ድረስ ከታች የነበረው መስመር ከ1 በኋላ ከላይ ሆነ። ሁለቱ መስመሮች ተላልፈው ሲሄዱ የተገናኙት ልክ 1 አጠገብ ነው፤ እኛም ድንገት እዚያች መገናኛ ላይ ቆመን ለካን። ስለዚህ ስህተትን በመጨረሻው ነጥብ ብቻ አትለኩ፤ በመስመሩ ሁሉ ላይ ትልቁን ስህተት ፈልጉ። የኛ ትልቁ 0.0135 ነው፣ ያውም የመጀመሪያው እርምጃ ላይ።

እርምጃውን ር = 0.125 አድርጋችሁ ድገሙት። ጊ = 0.25 ላይ 0.9026 ይሰጣል፣ ስህተቱ ከ0.0135 ወደ 0.0060 ወረደ። ጊ = 0.5 ላይ 0.7495፣ ከ0.0112 ወደ 0.0045። እርምጃው በግማሽ ሲቀንስ ስህተቱ 2.3 እና 2.5 ጊዜ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። ለለስላሳ ፈንክሽን የዚህ ዘዴ ስህተት ከር^1.5 ጋር ስለሚሄድ 2.8 ያህል በጠበቅን ነበር። ለምን ጎደለ? ድርድሩን ተመልከቱ፤ ከ1 ቀጥሎ ያለው ቁራጭ ጊ^1.5 ነው፣ ሁለተኛ ዴሪቬቲቩ ዜሮ ላይ ይፈነዳል። ዘዴው የሚመካበት ልስላሴ መነሻው ላይ የለም። ሁነኛው መድኃኒት ነጥቦቹን ዜሮ አጠገብ ማጠጋጋት፣ ሲርቁ ማራራቅ ነው። ክብደቶቹ ግን ያኔ እንደገና መሠራት አለባቸው፤ ከላይ ያሉት ለእኩል እርምጃ ብቻ ናቸው።

አሁን ኮምፒውተሩን ክፈቱ

ፓይተንም ይሁን ማትላብ ለውጥ የለውም፤ ሁለት ሉፕ ነው። ውጪኛው በጊዜ ይሄዳል፣ ውስጠኛው ያለፉትን ጉድለቶች ሁሉ ይደምራል። ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ ምንም ነገር ስለማይረሳ 10,000 እርምጃ 50 ሚሊዮን ያህል መደመር ይጠይቃል። በፓይተን ውስጠኛውን ሉፕ ራሳችሁ አትጻፉት፣ በቬክተር ማባዛት ተኩት። በየሺህ እርምጃው ውጤቱን ፋይል ላይ አስቀምጡ። መብራት መቼ እንደሚጠፋ የሚያውቅ የለም፤ የላፕቶፑን ባትሪ ደግሞ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

እኩልታችሁ ከዚህ ይከብድ ይሆናል። ኢንቲግራሉ ውስጥ ከርነል ካለ በትራፒዞይዱ ድምር ውስጥ እያንዳንዱን ው በከርነሉ ዋጋ አባዙ፤ ሌላው አይነካም። ው² ካለ በየእርምጃው ትንሽ የካሬ እኩልታ ይመጣል፣ በኒውተን ዘዴ ሁለት ሦስት ዙር ይበቃዋል። የኢንቲግራሉ ወሰን ግን እስከ ጊ ሳይሆን ቋሚ ከሆነ፣ ከ0 እስከ 1 እንበል፣ ይህ ፍሬድሆልም ነው፤ እርምጃ በእርምጃ መሄድ አይቻልም። ያልደረሳችሁበትን ነጥብ ስለሚጠይቅ ሁሉንም ያልታወቁ በአንድ ማትሪክስ አንድ ላይ መፍታት አለባችሁ።

የራሳችሁን እኩልታ ከማስገባታችሁ በፊት ኮዱን መልሱ በሚታወቅ እኩልታ ፈትኑት። መልሱ ው = ጊ² እንዲሆን እኛው እንሥራው። የጊ² ግማሽ ዴሪቬቲቭ 2/ጋማ(2.5) × ጊ^1.5 = 1.5045 × ጊ^1.5 ነው፤ ኢንቲግራሉ ጊ³/3። ስለዚህ፦

ዴ^0.5 ው = 1.5045 × ጊ^1.5 + ጊ³/3 − ኢ ው፣  ው(0) = 0

ኮዱ ላይ የቀኝ ወገኑ ፈንክሽን በጋማ(1.5) × ር^0.5 ተባዝቶ እንዲገባ አድርጉ፤ በቀመሮቹ ውስጥ ያለው 0.5 የው₀ ግማሽ ስለሆነ እዚህ 0 ይሆናል። ር = 0.25 ስታደርጉ የመጀመሪያዋ ው₁ 0.0811 መውጣት አለባት። ትክክለኛው 0.0625 ነው፤ ልዩነቱ የዘዴው እንጂ የናንተ አይደለም፣ ር = 0.125 ስታደርጉ ው₁ 0.0206 ትሆናለች፣ ከ0.0156 ጋር አስተያዩት። 0.0811 ካልወጣ ግን ስህተቱ የት እንዳለ ቁጥሩ ራሱ ይነግራችኋል። 0.1542 ከወጣ በጋማ(1.5) ፈንታ ጋማ(0.5) አስገብታችኋል፤ ይህ ከሁሉ የሚበዛው ነው። 0.0771 ከወጣ የትራፒዞይዱን የመጨረሻ ነጥብ በግማሽ ማድረግ ረስታችኋል። 0.0856 ከወጣ ኢንቲግራሉ ጭራሽ አልገባም፤ ሉፑ ከ1 ይሁን ከ0 እንደሚጀምር እዩ።